ነሐስ፣ ጎማና ሰንጠረዥ

የድሮ የስኩባ (የመተንፈሻ አየር ይዞ የመጥለቅ) ማሠልጠኛ መጽሐፍ በውሃ አይጀምርም፤ በአየር ይጀምራል። የመጀመሪያ ምዕራፎቹ ስለ ዓሣም ስለ ባሕር ወለልም አያነሡም። አየር ምን እንደሚመዝን፣ ሲታመቅ ምን እንደሚሆን፣ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ ያስተምራሉ። ጭንብሉና የእግር መቅዘፊያው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቅደም ተከተሉ ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ወደ ጥልቀት የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይዞት የሚወርደውን አየር ነው።

የከላላና የመካነ ሰላም ደጋ ሰው ይህን ትምህርት በአካሉ ያውቀዋል። 2500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ በመኪና የሚወርድ መንገደኛ ጆሮው ይደፈናል፤ ምራቁን ሲውጥ ይከፈታል። ጠላቂም በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከደጋው እስከ ሸለቆው ወለል የሚጨምረው ግፊት በውሃ ውስጥ ሁለት ሜትር እንኳ ሳይሞላ ይጨመራል።

በዚያ በረሃ ዓባይን በስልቻ መሻገር የቆየ ልማድ ነበር። ፍየሉ ሲገፈፍ ቆዳው በሆድ በኩል አይሰነጠቅም፤ ሙሉውን ይወጣል። ክፍት ቦታዎቹ በጠፍር ይታሰራሉ። አንዱ እግር ለመንፊያ ይቀራል። ስልቻው ተነፍቶ ሲወጠር ይህም እግር ታጥፎ ይታሰራል። ዋናተኛው ደረቱን አስደግፎበት በእግሩ ውሃውን እየገፋ ይሻገራል። ስፌት ስለሌለው የሚያፈስበት ቦታ ጥቂት ነው። የሥራው ጥራት የሚታየውም እዚያ ላይ ነው፤ ቋጠሮው ጠበቅ ያለ፣ ቆዳው ያልተበሳ መሆን አለበት።

ይህን ስልቻ ባሕር ዳርቻ ላይ ነፍተን ወደ ታች ብንወስደው የድሮው መጽሐፍ የመጀመሪያ ትምህርት ይገለጥልናል። 10 ሜትር ላይ ግማሽ ይሆናል። 20 ሜትር ላይ ሲሶ፣ 30 ሜትር ላይ ሩብ ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ከ30 እስከ 20 ሜትር በመጠኑ ብቻ ይጨምራል፤ ከሩብ ወደ ሲሶ። ከ10 ሜትር እስከ ውሃው ፊት ግን እጥፍ ይሆናል። ተመሳሳይ 10 ሜትር፣ የተለያየ ለውጥ። ስለዚህ የሚያሰጋው ርቀት ከላይ ያለው ነው፤ ለጀማሪ ቀላል የሚመስለው። መጽሐፎቹ በጉልህ ፊደል የሚያትሙት ትእዛዝም ከዚህ ስሌት የወጣ ነው፤ ስትወጣ እስትንፋስህን አትያዝ። እስትንፋሱን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው የታሰረ ስልቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የመሣሪያው ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ እንኳ በረጅም ቱቦ ከላይ አየር ስቦ መተንፈስ እጅግ ይከብዳል፤ ውሃው ደረትን ይጫናል። ጠላቂው የሚያስፈልገው በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል ግፊት ያለው አየር ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር የአየሩ ግፊት መጨመር፣ ሲቀንስ መቀነስ አለበት። ይህን የሚያደርገው ሬጉሌተር ይባላል።

የ1950ዎቹ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ፣ ዓመተ ምሕረት ከተባለው በቀር፣ እ.ኤ.አ. ነው) ባለ ሁለት ቱቦ ሬጉሌተር በእጅ ሲያዝ ከበድ ይላል። አካሉ ክሮም የተቀባ ነሐስ ነው። ሁለት ክብ ሳህኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው በዙሪያቸው በማቀፊያ ተያይዘዋል። በመካከላቸው ክብ ስስ ጎማ ተወጥሯል፤ ዲያፍራም ይሉታል። በአንደኛው ሳህን ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃው በነሱ ገብቶ ጎማውን ይነካል። በሌላኛው ወገን ያለው ክፍል ደረቅ ነው፤ አየር አለበት። ከዚህ ክፍል አንድ የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ወጥቶ በጠላቂው ቀኝ ትከሻ በኩል ወደ አፉ ይመጣል። ሌላው ቱቦ በግራ ትከሻ በኩል ተመልሶ የተተነፈሰውን አየር ይወስዳል።

አሠራሩ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ብቻ አሉት። ጠላቂው ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የደረቁ ክፍል ግፊት ይቀንሳል። ውሃው ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጎማው ማንሻውን ይጫናል። ማንሻው ሞላውን አሸንፎ ቫልቩን ይከፍታል። አየሩ ይገባል። የውስጡ ግፊት ከውጭው ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቫልቩም ይዘጋል። ጥልቀቱን የሚለካ ሌላ ነገር የለም። የሚለካው ራሱ ውሃው ነው። በ20 ሜትርም በ5 ሜትርም ያው ጎማ፣ ያው ማንሻ፣ ያው ሞላ ይሠራል።

በ1955 ገበያ ላይ የዋለው ሚስትራል የተባለው ሞዴል ይህን ሥራ በአንድ ደረጃ ይጨርሰዋል። ጠላቂው ከሚያዝለው የታመቀ አየር ሲሊንደር የሚመጣው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ቫልቭ ብቻ ወደ ትንፋሽ ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ሁለት ማንሻዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበዋል። የመጀመሪያው ጎማውን ይነካል፤ ረጅም ርቀት በቀላል ኃይል ይጓዛል። ሁለተኛው ቫልቩን ይነካል፤ አጭር ርቀት በብርቱ ኃይል ይጓዛል። የሰው ትንፋሽ ደካማ ነው፤ የሲሊንደሩ ግፊት ግን ከ100 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተደለደለው በማንሻዎቹ ርዝመት ነው። አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳም ወደ ቱቦው አፍ ቀጥ ብሎ ይመለከታል። የሚፈሰው አየር በዙሪያው ያለውን ይስባል፤ ስለዚህ ትንፋሹ አንዴ ከጀመረ በኋላ ይቀላል።

የዚህ መሣሪያ አባቶች ሁለት ናቸው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና የኤር ሊኪድ ኩባንያ መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነዳጅ ጠፍቶ መኪኖች በጋዝ ይነዱ ነበር። ጋኛን ለነዚህ መኪኖች ጋዝ የሚመጥን ቫልቭ ሠርቶ ነበር። እሱኑ ለትንፋሽ አስተካከሉት። በጥር 1943 ፓሪስ አጠገብ በማርን ወንዝ ሞከሩት። ኩስቶ አግድም ሲዋኝ አየሩ በደንብ መጣ። ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ፈሰሰ። ቁልቁል ሲዘቀዘቅ ደግሞ መሳብ ከበደው።

ችግሩ የአቀማመጥ ነበር። የተተነፈሰው አየር የሚወጣበት ቫልቭ ከዲያፍራሙ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበር የተቀመጠው። ጠላቂው ሲቆም መውጫው ከፍ ይላል፤ እዚያ ያለው የውሃ ግፊት ያንሳል፤ አየሩ ያመልጣል። ሲዘቀዘቅ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። መፍትሔው አዲስ ክፍል መጨመር አልነበረም። መውጫውን ከዲያፍራሙ አጠገብ፣ እዚያው ሳህን ውስጥ አስገቡት። ሁለቱ በአንድ ጥልቀት ላይ ሆኑ፤ ጠላቂው እንዴትም ቢገላበጥ የግፊታቸው ልዩነት ጠፋ። በዚያው ዓመት በሰኔ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ላይ መሣሪያው ሠራ። ባለ ሁለት ቱቦው ሬጉሌተር የተተነፈሰውን አየር ከአፍ ወደ ኋላ የሚመልሰው ለዚህ ነው። በግራ ትከሻ የሚዞረው ቱቦ ሁሉ የተጨመረው ለነዚያ 15 ሴንቲ ሜትሮች ነው።

መውጫው ላይ ያለው ቫልቭ ሁለት ጠፍጣፋ የጎማ ከንፈሮች ብቻ ነው። አየር ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታሉ። ውሃ ከውጭ ሲጫን እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሞላ የላቸውም፤ ብሎንም የላቸውም። መጽሐፎቹ ይህን ቁራጭ ጎማ በጣታቸው እንዲዳስሱት አንባቢዎችን ያዝዛሉ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም አሸዋ የያዘ ከሆነ ይቀየራል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ከ1946 ጀምሮ በሱቅ ሲሸጥ ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊወስደው ቻለ። አስተማሪ ግን አልነበረም። ከዚያ በፊት የጥልቀት ሥራ የባሕር ኃይልና የወደብ ሙያ ነበር፤ በአለቃ ሥር፣ በዓመታት ልምምድ የሚገኝ። አሁን አንድ ሠራተኛ ቅዳሜ ገዝቶ እሑድ ሊጠልቅበት ይችል ነበር። የማሠልጠኛ መጽሐፉ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

በብሪታንያ በ1953 ኦስካር ጉገንና ፒተር ስሞል የጠላቂዎች ክበብ አቋቋሙ። በ1954 በሎስ አንጀለስ አል ቲልማንና ቤቭ ሞርጋን የካውንቲውን የሥልጠና መርሐ ግብር ለማዘጋጀት ወደ ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሄዱ። እዚያ ኮንራድ ሊምቦ ተመራማሪዎችን መጥለቅ ያስተምር ነበር። ከሱ ተምረው ተመለሱ፤ ሞርጋንም መመሪያውን ጻፈ። ሊምቦ ራሱ በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ በውሃ በተሞላ ዋሻ ሕይወቱ አለፈ። የነዚህ መጻሕፍት ጸሐፊዎች የሚጽፉት አደጋ ከሩቅ የሰሙት አልነበረም።

ቀይ ባሕር ከዚህ ጅማሬ ውጭ አልነበረም። የዳህላክ ሰዎች በእስትንፋሳቸው ብቻ ጠልቀው ሉል ሲያወጡ ዘመናት አልፈዋል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በመስከረም 1952 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ጠላቂዎችና ተመራማሪዎች ቡድን ፎርሚካ በተባለች መርከብ ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ፤ እስከ 1953 አጋማሽ ድረስም ሠራ። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ የቀረጸው ባለ ቀለም ፊልም በ1954 ለዕይታ በቃ። ጋዜጠኛው ጃኒ ሮጊ በዚያው ዓመት «ዳህላክ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። የዓለም ሕዝብ ከባሕር ወለል በቀለም ካያቸው የመጀመሪያ ምስሎች መካከል የዳህላክ ኮራሎች አሉበት።

በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት መሣሪያ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። አንደኛው ንጹሕ ኦክስጅን የሚያዘዋውር ዝግ መሣሪያ ነው። አረፋ አያወጣም፤ ዓሣ አያባርርም። ነገር ግን ከ6 ሜትር ገደማ በታች ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ መሆን ይጀምራል፤ ጠላቂው ያለ ማስጠንቀቂያ ይንፈራገጣል። ሁለተኛው ተራ አየር የሚጠቀመው የኩስቶና የጋኛን መሣሪያ ነው። ይህ አረፋ ያወጣል፤ ግን ጠለቅ ይላል። የዘመኑ መጻሕፍት ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ያስቀምጣሉ። በኦክስጅኑ ምዕራፍ ውስጥ ያለው የጥልቀት ወሰን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቦታ ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ሥራ እንግባ። በ1957 የወጣው «ዘ ሳይንስ ኦቭ ስኪን ኤንድ ስኩባ ዳይቪንግ» የብዙ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ፍሬድ ሮበርትስ በ1960 ያሳተመው «ቤዚክ ስኩባ» ደግሞ ሬጉሌተሮቹን አንድ በአንድ ይፈታል። ሥዕሎቹ ክፍሎቹን በአንድ መስመር ላይ ተለያይተው ያሳያሉ። ሳህኑ፣ ጎማው፣ ማንሻው፣ ፒኑ፣ ሞላው፣ መቀመጫው፣ ማጣሪያው በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። መስመሩን በጣት የሚከተል አንባቢ መሣሪያውን በሐሳቡ ይገጥመዋል። ሠዓሊው ጥላ አላበዛም። መስመሩ ቀጭንና እኩል ነው። ክፍሎቹ ሳይነካኩ ተቀምጠዋል፤ የሚነካኩበት ቦታ ግን ግልጽ ነው።

የዓረፍተ ነገሮቹ ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ይይዛል። ጭንብሉ ውሃ ሲሞላ፦ የላይኛውን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ተጫን፤ አንገትህን ወደ ኋላ አዘንብል፤ በአፍንጫህ አውጣ። ውሃው በታችኛው ጠርዝ ይወጣል። የአፍ መያዣው ውሃ ሲሞላ፦ ወደ ግራ ተኛ፤ ከዚያ ተንፍስ። ለምን ወደ ግራ? መውጫው ቱቦ በግራ ስለሆነ ውሃው ወደ ታች ወደሱ ይፈሳል። መጽሐፉ ምክንያቱን ሳይዘል ይነግራል። የመሣሪያውን አሠራር የተማረ አንባቢ ትእዛዙን ባይሸመድደውም ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

የክብደት ቀበቶው ከሁሉም በላይ ይታጠቃል፤ ሲፈታ ምንም ሳይይዘው መውደቅ አለበትና። መፍቻው በአንድ እጅ የሚከፈት ነው። አየሩን በተመለከተ፣ አብዛኛው ጠላቂ በውሃ ውስጥ የሚያነበው የግፊት መለኪያ ገና አልነበረውም። በምትኩ ሲሊንደሩ ላይ ሞላ ያለው ቫልቭ ነበር። የሲሊንደሩ ግፊት ወደ 20 የከባቢ አየር ግፊት ሲወርድ ሞላው ያሸንፍና ትንፋሹ መክበድ ይጀምራል። ጠላቂው ከወገቡ አጠገብ ያለውን ዘንግ ወደ ታች ይስባል፤ የቀረው አየር ይለቀቃል። ከዚያ ይወጣል። ዘንጉ ሳይታወቅ አስቀድሞ ተስቦ ከሆነ ማስጠንቀቂያው የለም። ስለዚህ ከመጥለቅ በፊት በሚደረገው ፍተሻ ዘንጉ ወደ ላይ መሆኑን ማየት አለ።

የዘመኑ መደበኛ ሲሊንደር ከብረት የተሠራ ነው፤ ሲሞላ ወደ 2000 ሊትር አየር ይይዛል። በደቂቃ 25 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በውሃው ፊት 80 ደቂቃ ይቆይበታል። 10 ሜትር ላይ 40 ደቂቃ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ። ይህ ቀላል ማካፈል ነው፤ ነገር ግን መጽሐፎቹ ተማሪው በወረቀት ላይ ደጋግሞ እንዲሠራው ያደርጉታል።

የሥልጠናው መደምደሚያ ፈተና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ተማሪው ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ መሣሪያውን ሁሉ ያወልቃል፤ በሥርዓት ይደረድራል፤ ከሳንባው አየር እያስወጣ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ አየር ስቦ ተመልሶ ይጠልቃል። መጀመሪያ የአፍ መያዣውን ያገኛል፤ ውሃውን አስወጥቶ ይተነፍሳል። መተንፈስ ከጀመረ በኋላ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ጭንብሉን፣ ቀበቶውን፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ይመልሳል። ፈተናው የሚለካው ጉልበትን አይደለም፤ ዕቃው ሲወልቅ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጠ ነው።

የመጽሐፉ ጥልቅ ሥራ ግን ከኋላ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ጠላቂ በግፊት ሥር ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። በፍጥነት ከወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። ሐኪሙ ጆን ስኮት ሆልዴን ከባልደረቦቹ ከቦይኮትና ከዳማንት ጋር ሆኖ ይህን በለንደን በፍየሎች ላይ አጠና። ፍየሎቹ በብረት ክፍል ውስጥ በግፊት ቆይተው ይወጡ ነበር። ሕመም የያዘው ፍየል የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆማል። ተመራማሪዎቹ ይህን ምልክት እየተከተሉ መዘገቡ። በ1908 ያሳተሙት ውጤት በአንድ ምጣኔ ላይ ያርፋል፤ ግፊት በግማሽ ቢቀነስ ጉዳት የለም። ከ2 ወደ 1፣ ከ6 ወደ 3። ስለዚህ 50 ሜትር ላይ በ6 የከባቢ አየር ግፊት የቆየ ሰው መጀመሪያ እስከ 20 ሜትር መውጣት ይችላል፤ የቀረውን በማረፊያዎች ነው የሚወጣው። ሰውነትንም በአምስት ከፈሉት፤ ግማሽ ያህል ለመሙላት 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 75 ደቂቃ የሚወስዱ ክፍሎች።

ከዚህ ሥር የበቀለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰንጠረዥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ስፖርቱ መጻሕፍት ገባ። በጫማ የተለካ ነው። 60 ጫማ ላይ 60 ደቂቃ፣ 70 ላይ 50፣ 80 ላይ 40፣ 90 ላይ 30 ደቂቃ ያለ ማረፊያ መቆየትን ይፈቅድ ነበር። አንባቢው ጫማውንና ደቂቃውን ደምሮ ይይ፤ አራቱም 120 ይመጣሉ። ከዚህ ክልል ውጭ ድምሩ ይለወጣል፤ በክልሉ ውስጥ ግን ጠላቂው ያስታወሰውን ቁጥር በድምር ሊፈትሸው ይችላል።

ሁለተኛ መጥለቅ ሲመጣ ሰንጠረዡ ቀሪ ይይዛል። 60 ጫማ ላይ 60 ደቂቃ የቆየ ሰው «ጄ» የሚል ፊደል ይሰጠዋል። በውሃው ፊት ባረፈ መጠን ፊደሉ ወደ «ኤ» እየቀረበ ይወርዳል። «ዲ» ላይ ደርሶ እንደገና 60 ጫማ ቢጠልቅ፣ ሳይገባ 24 ደቂቃ እንደቆየ ይቆጠርበታል፤ የሚቀረው 36 ነው። ከ12 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ቀሪው ይሰረዛል። ሦስት ሰንጠረዦች ናቸው፤ የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ነው። መገናኛቸው ያ ፊደል ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ምድር ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ የተማረ ሰው ይህን አሠራር ሲያይ እጁ ያውቀዋል። በባሕረ ሐሳብም ሥራው ቀሪ መያዝ ነው። የ2016 ዓመተ ምሕረትን ለማግኘት 5500 ይጨመራል፤ 7516። ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 10 ነው። 10 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20 ይሆናል። 10 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ተማሪው ተሳስቷል። ያለፈው ወደሚመጣው ይተላለፋል፤ ስህተትም ራሱን ያጋልጣል። ሁለቱን ሰንጠረዦች የሠሩ ሰዎች የተለያየ ነገር ፈልገዋል፤ የጥንቃቄያቸው መልክ ግን አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ ላይ የወሎ ደጋ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይጠይቃል። ሐይቅ የሚባለው ውሃ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በውሃው ፊት ያለው ግፊት በባሕር ካለው 78 ከመቶ ያህል ነው። ባሕር ላይ ግፊት እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ላይ ነው፤ ሐይቅ ላይ ግን 8 ሜትር ላይ። ሆልዴን ያገኘው ምጣኔ ነውና ወሳኙ፣ ሐይቅ ላይ 60 ጫማ የጠለቀ ሰው ሰንጠረዡን በ60 ማንበብ አይችልም። 60 ለ0.78 ሲካፈል 77 ይመጣል። ቀጣዩ መደብ 80 ነው። የተፈቀደለት 60 ደቂቃ ሳይሆን 40 ነው።

ይህን ዓይነት ማስተካከያ አሜሪካዊው ጠላቂ ኢ. አር. ክሮስ በ1970 ለስፖርቱ ሰዎች አሳተመ። ኩስቶ ከሁለት ዓመት በፊት 3800 ሜትር ላይ ባለው የቲቲካካ ሐይቅ ሲሠራ ችግሩ በጉልህ ታይቶ ነበር። አልበርት ቡልማን በስዊዘርላንድ የተራራ ሐይቆች ጥናቱን አሰፋው። ለሐይቅ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከጥልቀት ወጥቶ ወዲያው ወደ ደሴ የሚነዳ ሰው 500 ሜትር ያህል ይወጣል። ለደሙ ይህ መንገድ ያልተጨረሰ መውጣት ነው። ለባሕር ጠለል የተጻፈ መጽሐፍ ጠላቂው ከውሃ ሲወጣ ይዘጋል፤ ለወሎ የሚጻፈው እስከ ደሴ መንገድ ድረስ መቀጠል አለበት።

ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አሉት። ሰው በወንዝ፣ በኩሬ ወይም በጉድጓድ ውሃ ሲሰምጥ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ፣ ብዙ ጊዜ በደፈረሰ ውሃ ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የወሎዎቹ ሐይቅና አርዲቦ ደጋ ላይ ናቸው። የዚህ አገር ውሃ በአብዛኛው ከፍ ያለ ውሃ ነው።

እነዚህን የድሮ መጻሕፍት የማደንቀው ከመሣሪያው አንዱ ክፍል ሆነው ስለተሠሩ ነው። ዲያፍራሙ በስህተት ከተወጠረ አየር አይመጣም፤ ሰንጠረዡ በስህተት ከታተመ ጠላቂው ሽባ ይሆናል። ነሐስ የሚቀርጸውም ቁጥር የሚደረድረውም አንድ ዓይነት ልኬት ነበራቸው። በአማርኛም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጻፍ ይገባል። በአየር ይጀምር። ክፍሎቹ በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል በቀጭን መስመር ይሣሉ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያቱ ይጻፍ። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ የውሃውን ከፍታ ይያዝ፤ ጣና፣ ሐይቅ፣ አርዲቦ፣ እያንዳንዱ በራሱ ረድፍ። ጸሐፊው ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ይደምር፤ ሌላ ሰውም ሦስተኛ ጊዜ ይደምርለት። አንባቢው የሚተነፍሰው በነሱ ነውና።